ክቡር አቶ «ለእኛስ?» እና የማኅበራችን ቦንድ

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አዲስ ነገር ሲመጣ አይቶ የሚያልፍና «ለእኛስ?» ብሎ የሚቆም። አይቶ አላፊው አገሩን ሞልቶታል። እራቱን በልቶ ይተኛል፣ ማንንም አያስቸግርም። «ለእኛስ?» ባዩ ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው የሚበቅለው፤ ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ አይችላቸውም። እናንተም ሰፈር አንድ መኖሩን አውቃለሁ። ከሩቅ ስታዩት መንገድ የምትቀይሩለት እሱ ነው።

የእኛው፣ የሐረር ሸዋ በሩ፣ ጋሽ ኪዳነወልድ ይባላሉ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። አያታቸው ከሸዋ ዘምተው መጥተው ሐረር ላይ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ጠመንጃውን ትተው መቀስ ያዙ። ከበሩ አጠገብ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ከፍ ብላ በምትገኝ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የተማሪ ቁምጣና የወታደር ሱሪ ይሰፋሉ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ሲያስቀድሱ እንኳ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ትላለች።

እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ላስተምር የመጣሁ ሰሞን ሱሪዬን ላሳጥር እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ቁመቴን ለኩ፣ ወገቤን ለኩ፣ ከዚያ ደመወዜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «የዲሬክተሩስ?» አሉ። እሱንም ነገርኳቸው። መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉና «ታዲያ ለአንተስ?» አሉኝ። እኔ ገና አልተቆጣሁም ነበር፤ እሳቸው ግን እኔን ወክለው ሲቆጡ ዋሉ። ሱሪዬንም አንድ እግሩን አሳጥረው ሌላውን ረሱት።

ክቡርነታቸው የማይጠይቁለት ነገር አልነበረም። የቧንቧ ውኃ ለሹማምንቱ ግቢ ሲገባ ባዶ እንስራ ተሸክመው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ወንድ ልጅ እንስራ ሲሸከም ከማየት ብሎ ነው መሰል፣ ሹሙ ለሰፈሩ ቦኖ አስተከለ። ሲኒማ ቤቱ የፊት ወንበሮችን ትራስ ሲያለብስ ደግሞ፣ ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ትራሱ ወደ ኋላ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረቡ። ድሬዳዋ አውሮፕላን ያርፋል ሲባል የትኬቱን ዋጋ አጠያየቁና፣ «ቁሞ ለሚሄድስ?» አሉ። የትኬት ሻጩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አውቶቡስ ላይ ቆመን አይደል እንዴ የምንሄደው? እግራችን ሰማይ ላይ ምን ሊሆን ነው?»

ታዲያ በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ እያነበብኩላቸው ነበር። ድሬዳዋ መንገድ ላይ ያለ አንድ የዘይት ፋብሪካ ለማስፋፊያው ከሕዝብ ገንዘብ እንደሚበደር አስታውቋል። ጋዜጣው «የብድር ሰነድ» ነው የሚለው፤ ባንኮቹ ቦንድ ይሉታል። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ። ማን ነው ከማን የሚበደረው?»

«ፋብሪካው ነው ጋሼ። ከገዢው ይበደራል። በየዓመቱ ወለድ ይከፍላል፤ አሥር ዓመት ሲሞላ ዋናውን ይመልሳል።»

«ፋብሪካ? ጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ ከእኔ ሊበደር?»

ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዕድሜ ልካቸውን አበድሩኝ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አበድሩን የሚል ሀብታም ግን አይተው አያውቁም። ተነሥተው ሜትራቸውን አስተካከሉ፣ ባለ ዕዳቸው ከመንገዱ ማዶ የሚመጣ ይመስል። እኔም የቀረውን መስመር ባላነብ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አነበብኩት። አንዱ ሰነድ ከአምስት መቶ ብር በታች አይሸጥም።

መኪናው ፊት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምን እንደሚሉ በረንዳው ሥር ያሉት ቃሪያ ሻጮች ሁሉ ያውቁ ነበር።

«ለእኛስ?»

ነገሩን እንደ ሙያቸው ተረዱት። «ፋብሪካው ጨርቁን በጣቃ ካልሆነ አልሸጥም አለ ማለት እኮ ነው። ጣቃ የሚገዛው ማነው? ባለ ሱቁ። እኔና በለጡ የምንገዛው በክንድ ነው። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ! መቁረጥ አቅቷቸው ነው?» ይህን ለእኔ ነገሩኝ፣ ለቃሪያ ሻጮቹ ነገሩ፣ ቁምጣ ለሚለኩላቸው ሕፃናት ነገሩ። በመጨረሻም በእኔ እጅ ለፋብሪካው ደብዳቤ አስጻፉ፤ ሰነዱ በአምስት በአምስት ብር ተቆርጦ ለምስኪኑም እንዲዳረስ። መልሱ ከወር በኋላ መጣ። ፋብሪካው ለላኩት ሐሳብ አመስግኖ፣ ከተወሰነው በታች መሸጥ እንደማይችል በትሕትና ገለጸ። «በትሕትና ነው የከለከሉን» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያሳዩት ጀመር።

በከተማው አደባባይ፣ በፈረስ መጋላ፣ ሱቅ ያለው ወዳጃቸው ዓብዱላሂ ክርና አዝራር የሚያቀርብላቸው ሰው ነበር። ሰነዱን አብሯቸው እንዲገዛ ሊጠይቁት ሄዱ፤ እኔንም አስረጂ ብለው ይዘውኝ።

«አቦ ጋሽ ኪዳነ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን ወለድ ነው። ሐራም ነው። ወላሂ አልነካውም» አላቸው ዓብዱላሂ።

«ወለድ አትበለዋ! ስጦታ በለው!»

«እኔ ስጦታ ብለው አላህ ምን ይለዋል?»

ጋሽ ኪዳነወልድ አሰቡ። «እንግዲያው ለእናንተ የሚሆን ሌላ ዓይነት ያውጡ! ለእነዓብዱላሂስ?» ብለው ሁለተኛ ደብዳቤ ሊያስጽፉኝ ሲሉ ዓብዱላሂ እየሳቀ ሻይ አዘዘልን። በወለድ ምክንያት ለእስላም የሚቆጣ ክርስቲያን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

መላው የመጣው ከማኅበራቸው ነው። ጋሽ ኪዳነወልድ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ነበሩ። በየወሩ በ፲፮ ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረመድኅን ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት ይሄዳል። አንድ ሰው አምስት መቶ ብር ባይኖረው አሥር ሰው ሃምሳ ሃምሳ ብር አያጣም ብለው አሰቡ። ሲቆጥሩ ማኅበርተኛው ዘጠኝ ሆነ። እኔ ማኅበርተኛ የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነው። ኪዳነ ምሕረት ይቅር ትበለኝ፣ የገባሁት ሒሳቡን ለመሙላት ነው።

ሃምሳ ብር ለእኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ለእትዬ በለጡ ደግሞ የማይታሰብ። እትዬ በለጡ ፈላና በር አጠገብ ጠላ እየሸጡ አንዲት ልጃቸውን ማርታን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። የቤታቸው ጣራ የጭቃ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እንስራውን፣ ገንቦውን፣ ድስቱን ከሚያፈሰው ሥር ይደረድሩና እናትና ልጅ ደረቅ ጥግ ፈልገው ያድራሉ። የብር አምባራቸውን ሸጠው ድርሻቸውን ሲያመጡ፣ ጋሽ ኪዳነወልድ ማኅበሩ ሁሉ እየሰማ ተናገሩ፦

«በለጡ፣ አሥር ዓመት ብቻ ታገሺኝ። ያን ጣራሽን ቆርቆሮ ካላለበስኩት ልብስ ሰፊ አይደለሁም።»

«አደራህን» አሉ እትዬ በለጡ።

ወረቀቱ ሲመጣ ዓይን የሚማርክ ነበር። ዙሪያው አረንጓዴ ሐረግ፣ መሐሉ ላይ ፋብሪካው ከነጭሱ። ከሥሩ ደግሞ አሥር ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ በየዓመቱ አንዱ ተቆርጦ ለባንክ ሲሰጥ የዚያ ዓመት ወለድ ይከፈላል። ኩፖን ይባላሉ። ፊታቸው ላይ ቁጥር አለ፣ ጀርባቸው ባዶ ነው። ሰነዱ የማንም ስም የለበትም፤ ለያዘው ይከፈላል። ስለዚህ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ አላከራከረም፤ ከጽዋው ጋር በነጩ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤት ወደ ቤት ይዙር ተባለ። ከዚያ የሚሻል ካዝና ሐረር ውስጥ አልነበረም። ጽዋ የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም።

በመጀመሪያው ወር አባ ገብረመድኅን ወረቀቱን ባረኩት። ገልብጠው ሲያዩት አሥር ባዶ ቤቶች አዩ፤ ቀና ሲሉ አሥር ማኅበርተኛ ተቀምጧል። «ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነው!» አሉ በደስታ። ብርዕና ቀለም አስመጥተው በየቤቱ ውስጥ የየአንዳንዳችንን የክርስትና ስም በሚያምር የቁም ጽሕፈት ጻፉ። እኔም ስሜን ተናገርኩ፤ ሁላችንም እጃቸውን እየተሳለምን ተመለስን። ከዚያ ወር ጀምሮ አባ ስለ ማኅበርተኛው ሲጸልዩ ስማችንን የሚጠሩት ከዚያ ወረቀት ጀርባ ሆነ። ማንም ምንም አልታየውም። ሙሴው ጋሽ ኪዳነወልድ ደግሞ እንባቸው መጥቶ ነበር። በፋብሪካ ሰነድ ላይ የጠላ ሻጭ ስም ሲጻፍ ማየት ነበር የዕድሜ ምኞታቸው።

ዓመቱ ሞላ፣ የካቲት ደረሰ። ማኅበሩ ነጭ በነጭ ለብሶ ፈረስ መጋላ ወዳለው ባንክ ወረደ። የባንኩ ጸሐፊ አቶ ሙሉጌታ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለን፣ ለሴቶቹ ወንበር አስመጣ፣ ሰነዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ መቀስ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ እትዬ በለጡ።

«የመጀመሪያውን ኩፖን ልቆርጥ ነው እትዬ።»

«ጀርባውን አይተኸዋል?»

ገለበጠው። ከአንደኛው ኩፖን ጀርባ «ወለተ ሥላሴ» ይላል።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እኔ ነኛ! እኔ ነኝ ወለተ ሥላሴ! ገና በቁሜ ስሜን ከማኅበሩ መሐል ቆርጠህ ልትጥለው?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባንኩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሙሉጌታ ኩፖኑ የሚቆረጠው በቁጥሩ ተራ መሆኑን፣ ካልተቆረጠ እንደማይከፈል አስረዳ። ሃምሳ አለቃ አባይነህ፣ ጡረታ የወጡት ማኅበርተኛችን፣ «የእኔን ስም በእሷ ፈንታ ቁረጠው! ጥይት ያልቆረጠኝን መቀስ አይቆርጠኝም!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሳቧቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ በበኩላቸው ለሁሉም የሚሆን መላ አገኙ፦

«ቁረጠውና መዝግበህ መልስልን። እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ። የተቆረጠ መሆኑን ሰው አያውቅም።»

«ጋሼ፣ ኩፖኑ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

«የበለጡ ስም? አዲስ አበባ? ብቻውን?»

ወረቀቱ እንደተጠቀለለ ተመለሰ። ሙሉጌታ እስከ በሩ ሸኝቶ፣ የወለዱም የዋናውም ዕዳ፣ ኩፖኖቹ ሁሉ ተቆርጠው ከቀረቡ፣ አሥሩ ዓመት ካለቀ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ በአንድነት ሊጠየቅ እንደሚችል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ሰነዱ ዋጋ እንደሌለው ነገረን። «ጊዜ አለ» ተባባልን። በዚህ አገር ገንዘብ ባይኖርም ጊዜ ሁልጊዜ አለ።

ክቡርነታቸው የማያደርጉት አልነበረም። አባ ገብረመድኅንን ስሞቹን እንዲፍቁ ለመኑ። አባ ተጨነቁ። «የጻፍኩትን የክርስቲያን ስም በምላጭ ልፋቅ? ልጄ፣ እጄ እሺ ይለኛል?» አሉ። ስማችን በሌላ ወረቀት ተገልብጦ ተጻፈ፤ የመጀመሪያው ግን ያው ከነስሙ ነው። ለፋብሪካው ሳይቆረጥ እንዲከፍል አስጻፉኝ፤ ፋብሪካው አሁንም ትሕትናውን አላጓደለም። ማኅበሩን ሰብስበው «የሚቆረጠው ከወረቀት ላይ ነው እንጂ ከመጽሐፈ ሕይወት ላይ አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን፣ ግን ከእኔ አይጀመር» ነበር የሁሉም መልስ። እትዬ በለጡ ጠላ ቀዱላቸው።

ዓብዱላሂ ይህን ሲሰማ፣ «አቦ ጋሽ ኪዳነ፣ የእናንተም ወለድ ሐራም ሆነ አይደል?» አላቸው። ያን ቀን ክርና አዝራር ሳይገዙ ተመለሱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የካቲት በየካቲት ላይ ተደራረበ። ፋብሪካው ተስፋፋ፤ ዘይቱን በየሱቁ እንገዛለን። እያንዳንዱን ጠርሙስ ጋሽ ኪዳነወልድ ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩትና «ባለ ዕዳዬ ደህና ነው» ይላሉ። የእትዬ በለጡ ጣራ ግን ያፈሳል። ክረምት ሲገባ ጋሽ ኪዳነወልድ ያችን ቤት አልፈው ላለመሄድ ዙሪያውን ይዞሩ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ስፌታቸው ይበላሻል፤ አንድ ሐምሌ ላይ ለአንድ ወታደር ሱሪውን ኪስ አልባ አድርገው ሰፍተውለታል።

እትዬ በለጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዚያው በጭቃ ጣራ ሥር ታመው ዐረፉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለቅሶ ላይ፣ «ስሟን ስላልቆረጥነው ነው ይህን ያህል የኖረችው» አሉ። ከፊሉ ማኅበርተኛ አመነ። ጋሽ ኪዳነወልድ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው የቤቷን የጭቃ ጣራ ያዩ ነበር።

የእናቷን ቦታ ማርታ ተካች። ያን ጊዜ ጎልማሳ ሴት ሆናለች፤ ሐኪም ቤት አልጋ ታነጥፋለች። ስድስቱ ወር ሊያልቅ ሲል፣ በነሐሴ ፲፱፻፷፭፣ ጋሽ ኪዳነወልድ ማኅበሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሰበሰቡ። እንዳለፈው ጊዜ አልጮኹም። «ለበለጡ አደራ አለብኝ። ለእሷ ባይሆን ለልጇ ልክፈል» አሉ። አባ ገብረመድኅን አርጅተዋል፤ «ኃጢአቱ የጻፍኩት የእኔ ይሁን፤ ቁረጡት» ብለው ባረኩን። ሁሉም እሺ አለ። ጋሽ ኪዳነወልድ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ የባንኩ መቀስ ዱልዱም ነው፣ ወረቀቱን ይበላዋል፣ ስለዚህ በእሳቸው መቀስ፣ በእሳቸው እጅ ይቆረጥ።

በማግሥቱ፣ በጊዜው የመጨረሻ ቀን፣ ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ማርታና እኔ ባንክ ቤት ተገኘን። ሌሎቹ ሸዋ በር በረንዳው ላይ ይጠብቁናል። ሙሉጌታ ጸጉሩ ገባ ብሏል፣ ጨዋነቱ ግን ያው ነው። ብሩን ቆጥሮ አጠገቡ አስቀመጠ። ጋሽ ኪዳነወልድ ሰነዱን ከነጩ ጨርቅ ፈቱት። የጀርባው ቀለም በእጃችን ብዛት ፈዟል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። መቀሳቸውን ከፈቱ። ሱሪ፣ ካኪ፣ አቡጀዲ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የአስከሬን መግነዝ ሳይቀር ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳይለኩ በዓይናቸው ብቻ ቀጥ አድርገው ሲሰነጥቁ አይቻለሁ። መቀሱ ወረቀቱ ዳር ደረሰ።

ቆመ።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ፣ ሰው የሚጠሩ ይመስል።

ሙሉጌታ ሰዓቱን አየ፤ መልሶ እንዳላየ ሆነ። እኔ «ጋሼ፣ ወረቀት እኮ ነው» አልኳቸው። አልሰሙኝም።

ማርታ ክንዳቸውን ያዘች። «ይተዉት ጋሼ» አለች። «ጣራው ይቆይ።»

«አደራዋስ?»

«እኔ ልጇ ነኝ። ይተዉት እያልኩዎት ነው።»

መቀሱን ዘጉት። ሰነዱን እንደነበረ አድርገው ጠቀለሉት፤ እጥፉን እንኳ አላዛነፉም። ሙሉጌታ ብሩን አንድ በአንድ ወደ ካዝናው መለሰ። የባንኩ በር ከኋላችን ተዘጋ።

ሸዋ በር ስንደርስ ማኅበርተኛው ከበረንዳው ላይ ተነሣ። ጋሽ ኪዳነወልድ ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩአቸው፤ አሥሩም ስም በየቦታው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ እልል አሉ! ሃምሳ አለቃ አቀፏቸው። ሰባት ሰው ሃምሳ ብሩንና የአሥር ዓመት ወለዱን አጥቶ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። እኔም ሒሳቡን በልቤ ጀምሬ ተውኩት። የጭቃ ጣራውን ወደ ቆርቆሮ የለወጥነው በሚቀጥለው ጥቅምት ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ አንድ አንድ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ያቺ ሐሳብ የማን እንደነበረች መናገር አያስፈልገኝም፤ ምስማር ሲመቱ የዋሉትም እሳቸው ናቸው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ከባንኩ ስንመለስ፣ ዓብዱላሂ ሱቅ ፊት ለፊት ቆም ብለው፣ «መምህር» አሉኝ። «ለካ ለእኛ ተብሎ አልተሠራም።» ያ ሰው፣ ለአውሮፕላን ቁሞ መሄጃ የጠየቀ ሰው፣ ይህን ሲል መስማት ከበደኝ። ያ ፋብሪካ አንድ ሰው ልኮ «ይህን ወረቀት ቤታችሁ ውስጥ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን ነበረበት? ደብዳቤያችንን ሁሉ በትሕትና ከሚመልስ፣ አንድ ቀን ቢመጣና ዳቦ ቆርሶ ቢሄድ? ይቆጨኛል። ጣቃውን በክንድ ለመካፈል ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የቸኮሉት እሳቸው ነበሩ፤ መቀሱ እምቢ ያለው ደግሞ በእሳቸው እጅ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ኪዳነወልድ «ለእኛስ?» ብለው አያውቁም። መጀመሪያ ሰፈሩ ተገላገልን አለ። ቆይቶ ግን ቅር ቅር ይለን ጀመር። ፈረስ መጋላ አንድ ቡና ቤት ማቀዝቀዣ ሲያስገባ ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው፤ ክር ወደ መርፌ እያስገቡ ነበር። ቦኖው ተበላሽቶ ሳምንት ሲቆይ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ጠፋ። ቃሪያ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ጋሼን ምን ነካብን?» ይሉኛል። አስቸጋሪ ሰው ምን ያህል እንደሚናፈቅ የምታውቁት ማስቸገሩን ሲተው ብቻ ነው።

ዘንድሮ፣ በ፷፮ የካቲት፣ አገሩ ሁሉ አፉን ከፈተ። ባለ ታክሲው ስለ ቤንዚኑ፣ ወታደሩ ስለ ደመወዙ፣ እኛ መምህራን ደግሞ ስለ ሁሉም። ጮኸን ስናልፍ የምንለው፣ ብዙ ቃል ብንጨምርበትም፣ ሲጠቀለል ያው የእሳቸው አንዲት ቃል ነበረች። ሰልፋችን ሸዋ በር ሲደርስ ከመሐል ወጥቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። የአንድ ተማሪ ቁምጣ እየቆረጡ ነበር።

«ጋሼ! ይሰማሉ? አገሩ ሁሉ የእርስዎን ቃል ነው የሚናገረው!»

ቀና ብለው ሰልፉን አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ፊታቸው እንደዚያ የጋዜጣው ቅዳሜ ሊፈካ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉት፣ እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው።

«ይጠይቁ፣ ደግ ነው» አሉ፣ ወደ ጨርቁ እየተመለሱ። «ግን መምህር፣ ያገኙት እንደሆነ ከጀርባው ስም እንዳይጽፉበት ንገራቸው።»

ሰልፉ በበሩ ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ ሄደ። ልከተለው ይገባኝ ነበር፤ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የሚጠገን ነገር ስላልነበረኝ ኮቴን አውልቄ፣ ደህናውን አዝራር በጣቴ አላልቼ አቀበልኳቸው።